የደረት ራጅ በኢትዮጵያ፦ አነሣሡ፣ አነባበቡና የሳንባ በሽታ ምርመራ

የደረት ራጅ ሳንባን፣ ልብን፣ የጎድን አጥንቶችንና ድያፍራምን (ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ) በአንድ ፊልም ላይ የሚያሳይ የጨረር ምርመራ ነው። ዋጋው ከሲቲ ስካን እጅግ ያነሰና በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ለቆየ ሳልና ለትንፋሽ ማጠር ሐኪሞች ቀድመው የሚያዙት ምስል ሆኖ ቆይቷል። በአየር የተሞላ ሳንባ ጨረሩን ስለሚያሳልፍ ፊልሙ ላይ ጥቁር ይሆናል። አጥንት ስለሚያግደው ይነጣል፤ ውኃ፣ መግልና ሥጋ በመካከሉ ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ የሳንባ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ሲነጣ ነው። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር ሲገባ ግን ተቃራኒው ይታያል፤ ያ ወገን ከልክ በላይ ይጠቁራል፣ የደም ሥሮቹም መስመር ይጠፋል።

ስሙና ታሪኩ

«ራጅ» የሚለው ስም ከጣሊያንኛው «ራጂ» (ጨረሮች) የተወረሰ ይመስላል። ሕዝቡ ግን እንደ ፎቶግራፍ ቆጥሮት «ራጅ ተነሣሁ» ይላል፤ አባባሉ በባለሙያውም ዘንድ ጸንቷል።

ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። አራት ወር ሳይሞላው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የአድዋ ድል ሆነ። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በሜይ 1896 ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ቆስለው በተመለሱ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረ ጥይት ለመፈለግ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ራጅ አነሣ። ይህ ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው የታወቀ አጋጣሚ ነው። የራጅ ወታደራዊ ታሪክ አንደኛው ገጽ በአባቶቻችን ጥይት ተጻፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አገር ውስጥ ራጅ የገባው ሆስፒታሎች በተስፋፉ ቁጥር ነው። የጨረራ ሥራን በሕግ ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 79/1986 ወጣ፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 571/2000፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተከተሉ።

አነሣሡ

የፊልም ጥራት ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ በራዲዮግራፈሩ (ፊልሙን በሚያነሣው ባለሙያ) እጅ ይወሰናል። በጥንቃቄ ያልተነሣን ፊልም የትኛውም ራዲዮሎጂስት (ፊልም አንባቢ ሐኪም) ሊያድነው አይችልም።

በመደበኛው አነሣሥ ሕመምተኛው ቆሞ ደረቱን ፊልሙን የያዘው ጠፍጣፋ ሣጥን (ካሴት) ላይ ያስደግፋል፤ ጨረሩ በጀርባው ገብቶ በደረቱ ይወጣል። ልብ ወደ ደረት ፊት ስለሚቀርብ በዚህ አቋም ለካሴቱ ይጠጋል፣ ጥላውም ብዙ አይገዝፍም። ጨረሩ ከሚወጣበት ቱቦ እስከ ካሴቱ 180 ሴንቲ ሜትር ይለካል። የአዋቂ ካሴት መጠኑ 35 በ43 ሴንቲ ሜትር ነው። አገጭ ከካሴቱ በላይ ይደረጋል፤ የእጆች ጀርባ ዳሌ ላይ ያርፋል፤ ክርኖች ወደ ፊት ይገፋሉ። ክርን ካልተገፋ የትከሻው ሰፊ አጥንት ሳንባው ላይ ይወድቅና ቀጥ ያለ ጠርዙ የበሽታ መስመር ይመስላል። ጨረሩ የሚነጣጠረው በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች የታችኛው ጫፍ ትይዩ፣ አከርካሪው ላይ ነው።

ግሪድ (የተበተነ ጨረር የሚያግድ ወንፊት) ባለው ማሽን ከ110 እስከ 125 ኪሎቮልት (የጨረሩ ጉልበት) ይሰጣል፤ ሚሊአምፔር ሰከንዱ (የጨረሩ ብዛት) ለመካከለኛ ሰው ከ2 እስከ 4 ይበቃዋል። ግሪድ በሌላቸው ትናንሽ ማሽኖች ከ60 እስከ 80 ኪሎቮልት ይሠራል። ኪሎቮልቱ ዝቅ ሲል አጥንቱ ደምቆ ይወጣል፣ ከልብ ጀርባ ያለው ሳንባ ግን ይደበቃል። መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ መለኪያው ትክክል ተሞልቶ ሳለ ፊልሙ የሚነጣው ብዙ ጊዜ የኃይል መውረድ ስላለ ነው።

አተነፋፈስ ላይ ቋንቋችን ራሱ ችግር ይፈጥራል። «ተንፍስ» ሲባል አንዱ አየር ይስባል፣ ሌላው ያስወጣል። «በረጅሙ ተንፍስና ያዝ» ተብሎ የተነሣ ፊልም ሳንባው ባዶ በሆነበት ቅጽበት የተያዘ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ፊልም ልብን ትልቅ አስመስሎ፣ የሳንባውንም ታች አጨናንቆ የሌለ የሳንባ ምች ያሳያል። የሚሻለው «አየር ወደ ውስጥ ሳብ፣ ሳብ፣ ያዝ፣ አትልቀቅ» ማለት ነው። ጨረር ከመልቀቅ በፊት አንድ ጊዜ ማለማመድ፣ ቋንቋው የተለየ ሕመምተኛ ሲሆን ደግሞ ራስ ሠርቶ ማሳየት ፊልም ከመድገም ያድናል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ልብስና ጌጥ ነው። ከትከሻ በታች የወረደ ሹሩባ የሳንባው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቁልቁል የወረደ ጥላ ይጥላል። ያ ቦታ ነቀርሳ የሚወደው በመሆኑ ስሕተቱ ቀላል አይደለም፤ ጸጉሩ ወደ ላይ ተጠቅልሎ መታሰር አለበት። የማተብ ክር ብዙም አይታይም፤ ክሩ ላይ ያለው መስቀል፣ በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ፣ የጡት መያዣ ሽቦና ቁልፍ ግን ይታያሉ። ማተብ አውልቁ መባል ብዙዎችን ስለሚከብዳቸው፣ መስቀሉን ወደ ኋላ ማጅራት አዙሮ ከአገጭ በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ በክብር የሚፈታ ዘዴ ነው። የተደራረበ ጋቢ እጥፋትም ጥላ አለው። የጡት ጫፍ እንደ ክብ እባጭ ስለሚመስል፣ ጥርጣሬ ካለ ጫፉ ላይ ትንሽ ብረት ምልክት ተለጥፎ ይደገማል።

ቆሞ መነሣት ያልቻለ ሰው ተኝቶ ወይም ተቀምጦ፣ ጨረሩ ከፊት ገብቶ፣ በ100 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሣል። ይህ ፊልሙ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሳይጻፍ የቀረ እንደሆነ «ልብ አብጧል» የሚል የሐሰት ውጤት ይወጣል።

ሕፃናት ላይ ዋናው ፈተና መዞር ነው። ጭንቅላት ወደ ጎን ከዞረ ደረቱም ይዞራል፣ አንዱ ሳንባ ከሌላው ይጠቁራል። ከሁለት ዓመት በታች ባሉት የታይመስ (በደረት ውስጥ ያለ ጤነኛ) ዕጢ ጥላ በልብ ጎን እንደ ጀልባ ሸራ ተወጥሮ ስለሚታይ የሳንባ ምች ተብሎ መድኃኒት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ ወደ አየር ቧንቧው የገባበት ሕፃን በመደበኛው ፊልም ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ እህል በራጅ አይታይምና። አየር ሲያስወጣ ሌላ ፊልም ከተነሣ ግን የታፈነው ሳንባ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ጤነኛው ይነጣል።

ጨለማ ክፍል

ዲጂታል ማሽን እስኪስፋፋ ድረስ የፊልም ግማሽ ዕድል የሚወሰነው ጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዛሬም በዚያው የሚሠሩ ተቋማት አሉ። ፊልሙ በቀይ መብራት ከካሴት ይወጣና 20 ዲግሪ ሴልሲየስ በሆነ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣ ፈሳሽ) ውስጥ 5 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ተለቅልቆ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸና ፈሳሽ) ውስጥ 10 ደቂቃ ይገባል፤ በወራጅ ውኃ 20 ደቂቃ ይታጠባል። በደጋ ጠዋት ዴቨሎፐሩ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፊልሙ ፈዝዞ ይወጣል። ያኔ መፍትሔው ዴቨሎፐሩን ማሞቅ ወይም ቆይታውን ማስረዘም ነው። ኪሎቮልት መጨመር ለሕመምተኛው ትርፍ ጨረር ከመስጠት በቀር ጥቅም የለውም። ውኃ ሲጠፋ በችኮላ የታጠበ ፊልም በዓመታት ውስጥ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ የድሮውን ከአዲሱ ለማመሳከር ሲፈለግ አይነበብም።

አነባበቡ

ፊልም ሲነበብ ከበሽታው በፊት የሚታየው ስም፣ ቀን፣ የቀኝና የግራ ምልክት ነው። ቀጥሎ የጀርባ የጎድን አጥንቶች ይቆጠራሉ፤ ከድያፍራሙ በላይ ከ9 እስከ 10 ከታዩ አየር በቂ ተስቧል። ከአንገት ሥር ያሉት የሁለቱ አግዳሚ አጥንቶች ውስጣዊ ጫፎች ከአከርካሪው እኩል ከራቁ ደረቱ አልዞረም። ከልብ ጀርባ አከርካሪው በጭላንጭል ከታየ የጨረሩ መጠን ልክ ነው። የልብ ስፋት ከደረት ውስጣዊ ስፋት ከግማሽ ሲበልጥ በአዋቂ ሰው ልብ ሰፍቷል ይባላል። ፊልምን በመስኮት ብርሃን ማየት በየቦታው የተለመደ ቢሆንም ቀጫጭን ጥላዎችን ያስታል፤ መብራት ባለው መመልከቻ ሳጥን መሆን አለበት።

ሳንባ ውኃ ሲቋጥር በድያፍራምና በጎድን መካከል ያለው ሹል ማዕዘን ይደፈናል። በመደበኛው ፊልም ይህ የሚታየው 200 ሚሊ ሊትር ያህል ከተጠራቀመ በኋላ ነው፤ በጎን በሚነሣው 50 ሚሊ ሊትርም ይታያል። በሳንባ ምች ነጩ ቦታ ውስጥ አየር ቧንቧዎች ጥቁር ቅርንጫፍ ሆነው ይቀራሉ። ኩበትና እንጨት ጭስ ላይ ዕድሜያቸውን ባሳለፉ እናቶች ደግሞ ድያፍራሙ ጠፍጥፎ፣ ሳንባው ተነፍቶ፣ ልቡ ቀጥኖ ማየት ያጋጥማል። ከከብትና ከውሻ ጋር ተቀራርቦ በሚኖርበት እንደ ደቡብ ኦሞ ባለ አካባቢ ጠርዙ የጠራ ክብ ጥላ ሲታይ የውሻ ትል ያመጣው የውኃ ከረጢት መጠርጠር አለበት። ይህን ከረጢት ያለ ዝግጅት በመርፌ መውጋት ይዘቱ ፈስሶ ከባድ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

የሳንባ ነቀርሳ

ቲቢ የደረት ራጅ ዋና ጉዳይ ነው። በአዋቂ ሰው የተለመደው መልኩ በላይኛው የሳንባ ክፍል የተበታተነ ጥላ፣ በመካከሉም ግድግዳው የወፈረ ክፍተት ነው። በደም ሲሰራጭ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ ነጥቦች ሳንባውን ሁሉ ጤፍ እንደተበተነበት ያለብሱታል። የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ የሲዲ4 (የመከላከያ ሕዋስ) ቁጥሩ ሲወርድ መልኩ ይለወጣል፤ ጥላው ታች ይሆናል፣ ክፍተት አይሠራም፣ አንዳንዴም ፊልሙ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ አክታ ሳይመረመር ሕመምተኛን መመለስ አደገኛ ስሕተት ነው። በተቃራኒው ራጅ ብቻውን ቲቢን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው አክታ ነው፤ ዛሬ ከሁሉ በፊት በጂን ኤክስፐርት (የባክቴሪያውን ዘረ መል በሚፈልግ ማሽን) ወይም በመሰል ምርመራ ይታያል።

የራጅን ጥቅም በአገር ደረጃ ያሳየው በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የቲቢ ሥርጭት ጥናት ነው። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 46,697 ሰዎች በቃለ መጠይቅና በደረት ራጅ ተለዩ፤ አጠራጣሪ የሆኑት አክታ ሰጡ። በአጉሊ መነጽር የሚታይ ቲቢ ያለባቸው ከ100,000 አዋቂዎች 108፣ በባክቴሪያ ምርመራ የተረጋገጠባቸው ግን 277 ሆነው ተገኙ። በአጉሊ መነጽር ብቻ ቢፈለግ ኖሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያመልጡ ነበር። በሌሊትና በቀን የገጠር መንገድ ማሽን ይዘው የዞሩት ባለሙያዎች ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢን የማከም መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2009 አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀመረ። በዚህ ረጅም ሕክምና ውስጥ ራጅ የክፍተቶቹን መጥበብ ለመከታተል ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021–2025 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ወጥታለች፤ በቲቢና በቲቢ-ኤች አይ ቪ ዝርዝር ግን ቆይታለች።

ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በኮምፒውተር የሚነበብ ራጅ ለቲቢ ልየታ እንዲውል መክሯል። ሶፍትዌሩ ለፊልሙ ነጥብ ይሰጣል፤ ከስንት ነጥብ በላይ አክታ ይወሰድ የሚለውን የሚወስነው መርሐ ግብሩ ነው። የወሰኑ ነጥብ ዝቅ ሲል የሚያመልጥ ይቀንሳል፣ የሚባክነው የአክታ ምርመራ ይጨምራል። ሹሩባና መስቀል ግን ሶፍትዌሩንም ያሳስታሉ።

ሲቲ ስካንና ጨረር

አንድ መደበኛ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ይሰጣል፤ ይህ ማንም ሰው ከተፈጥሮ በሦስት ቀን የሚያገኘው ነው። የደረት ሲቲ ስካን ከዚያ ከ200 እጥፍ በላይ ሊሰጥ ስለሚችል ለካንሰር፣ ለደም ሥር መዘጋትና ራጁ ላልመለሰው ጥያቄ ይቆያል። ነፍሰ ጡር መሆኗ የተነገረ ሴት ምርመራው የግድ ከሆነ ሆዷ በእርሳስ መሸፈኛ ተከልሎ ትነሣለች። ደጋፊ ዘመድ ከክፍሉ ይወጣል፤ ሕፃን የሚይዝ ከሆነ የእርሳስ ልብስ ይለብሳል።

ጠባሳና ጉዞ

ድኖ የቀረ ቲቢ ሳንባ ላይ ጠባሳና የካልሲየም ነጥብ ይተዋል። ለሐኪም ይህ ያለፈ ታሪክ ነው፤ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ቪዛ ግን ጠባሳ ብቻውን «ብቁ አይደለም» ያሰኛል። ይህ ደንብ በሕክምና ዓይን ሲታይ ከባድ ነው፤ ታክሞ የዳነ ሰው አያስተላልፍምና። ለአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ የሚደረገው ምርመራ ሌላ መንገድ ይከተላል። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ራጅ ይነሣል፤ ጥላ ከታየ አክታ ሦስት ጊዜ ተወስዶ ይመረመራል፣ በላቦራቶሪም ባክቴሪያው እንዲበቅል ይደረጋል። ባክቴሪያው እስኪበቅል እስከ 8 ሳምንት ስለሚጠበቅ የጉዞ ቀን ይራዘማል። ቀድሞ ታክሞ የነበረ ሰው የድሮ ፊልሙንና የሕክምና ካርዱን ይዞ መቅረቡ ብዙ ይጠቅመዋል፤ ጥላው በሁለት ፊልሞች መካከል ለወራት ካልተለወጠ ጠባሳ ነው ለማለት የሚያስችለው እሱ ነውና።