«ኦሪት አይጠየቅም» እና ሌሎች የሰለቹኝ ሰበቦች

በየሳምንቱ የኦሪት ጥናት እመራለሁ። ሰው ስጋብዝ የሚሰጠኝን ምክንያት ገና አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ያው ነው። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስና ልረፍ።

«ዕብራይስጤ ደካማ ነው።» ታዲያ ምን ችግር አለው? በጥንቱ ምኩራብ እኮ ኦሪት ሲነበብ አጠገብ ቆሞ በሕዝቡ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ነበር። የእኛም የቤተ እስራኤል ቄሶች በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዱ ነበር። በአማርኛ ና፣ በአማርኛ ተናገር።

«ዕድሜዬ አልፏል።» ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ረቢ አኪቫ ፊደል የቆጠረው በ40 ዓመቱ፣ ከልጁ ጋር አንድ አስተማሪ ፊት ተቀምጦ ነው ይባላል። ወደ ሌላው እንለፍ።

«ከመሃል ገብቼ ምን ይገባኛል? አዲሱ ዙር ሲጀመር እመጣለሁ።» ኦሪት በ54 ፓራሻ፣ ማለትም በሳምንታዊ የንባብ ክፍል፣ ተከፍላ ዓመቱን ሙሉ ትነበባለች። የንባቡ ዙር በሚዘጋበት በዓል፣ በስምሐት ቶራ ቀን፣ የዘዳግም መጨረሻ ይነበብና እዚያው ላይ ዘፍጥረት አንድ ይጀመራል። ባለፈው ሳምንት ያልነበረ ሰው የዚህን ሳምንት ፓራሻ ማንበብ ያቅተዋል እንዴ? አዲሱን ዙር እጠብቃለሁ የሚሉኝ ደግሞ ዙሩ ሲጀመር «በዓሉ አደከመኝ» ነው የሚሉት።

«ጥናት የወንድ ነገር ነው።» ዕዝራ ሕጉን ያነበበው በወንዶችና በሴቶች ፊት ነው፤ ነህምያ 8 ላይ ተጽፏል። ወደ ዘመናችን እንምጣ ካላችሁ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህርቷ ኔሐማ ሌይቦቪትስ አለችላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1942 ለጥቂት ሴቶች በሳምንቱ ፓራሻ ላይ የጥያቄ ወረቀት ማዘጋጀት ጀመረች። ወረቀቱ ወደ 30 ዓመት ገደማ በየሳምንቱ ወጣ። ሰው መልሱን በፖስታ ይልክላታል፣ እሷ በቀይ እስክሪብቶ አርማ ትመልሳለች። ልብ በሉ፣ የምትልከው ጥያቄ ነበር።

ጥያቄ ካልኩ አይቀር፣ ትዕግስቴን የሚጨርሰው ይሄኛው ነው፦ «ኦሪት አይጠየቅም። ክርክር ደግሞ ሰው ያጣላል።»

ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ትልቅ ሲናገር ትንሽ ዝም ይላል ተብለው ያደጉ። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት፤ በቤት ውስጥ ጥሩ ሥርዓት ነው። ጥናት ላይ ሲመጣ ግን ቡድን ይገድላል። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሁሉም አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹ የለም። ለምን ይምጣ? ቢቀር ምን ጎደለ?

ለመሆኑ አይጠየቅም ያለው ማን ነው? አብርሃም ስለ ሰዶም ከፈጣሪ ጋር ከ50 ጻድቅ ጀምሮ እስከ 10 ተከራክሯል። ዘኍልቍ 27ን ክፈቱ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ሙሴና አለቆቹ ሁሉ ፊት ቆመው «ወንድ ልጅ ስለሌለው የአባታችን ስም ለምን ይጠፋል?» አሉ። ርስት ጠየቁ። ሙሴ አልተቆጣም፤ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እውነት ተናገሩ ተባለላቸው፣ የውርስ ሕጉም በዚያው ተሰጠ።

ትንሽ ትልቁን አይሞግትም ለሚሉኝ ራሺን እጠቅሳለሁ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሊቅ ነው፤ ፓራሻ ሲጠና ከማንም በፊት የሚከፈተው የእሱ ማብራሪያ ነው። የልጁ ልጅ ራሽባም በትርጓሜ ይሞግተው ነበር። አያትየው ምን አሉ? ጊዜ ቢኖረኝ ሌላ ማብራሪያ በጻፍኩ ነበር። ይህን የጻፈልን ራሱ ራሽባም ነው። ዘፍጥረት 28፥5 ላይ ደግሞ ራሺ ምን እንደሚያስተምረን አላውቅም ብሎ ጽፏል። እሱ አላውቅም ካለ እኛ ምን ያሳፍረናል?

«ያጣላል» ወደሚለው ልምጣ። ታልሙድ በተባለው የሊቃውንት ክርክር መጽሐፍ ውስጥ ረቢ ዮሐናንና ሬሽ ላኪሽ የሚባሉ የጥናት ጓደኞች አሉ። ሬሽ ላኪሽ በፊት ሽፍታ ነበር። አንድ ቀን ስለ ሰይፍና ስለ ቢላ ሕግ ሲከራከሩ ዮሐናን «ሽፍታ ሽፍትነቱን ያውቃል» አለው። ሬሽ ላኪሽ ቅስሙ ተሰበረ። ተቀያየሙ። ታመመ፣ ሞተ። ዮሐናን በሐዘን ሲጎዳ ሌላ ሊቅ ተላከለት። ይህኛው ዮሐናን አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር የሚደግፍህ ማስረጃ አለ ይለዋል። ዮሐናን መረረው። ልክ መሆኔን እኔ አላውቅም? ሬሽ ላኪሽ እኮ 24 ተቃውሞ ያነሳብኝ ነበር፣ 24 መልስ እሰጠው ነበር፣ ነገሩም በዚያ ይሰፋ ነበር አለ።

በ24ቱ ተቃውሞ አልተጣሉም። የተጣሉት በአንዷ ስድብ ነው። ጓደኛውን ሲያጣ የናፈቀው ደግሞ ተቃውሞውን ነው።

በእኛ ቡድን አንድ አዛውንትና አንዲት ወታደር ልጅ አሉ። ያዕቆብ የኤሳውን በረከት የወሰደ ሳምንት ተያያዙ። እሷ «ዓይነ ስውር አባት ማታለል ነው፣ ላባም በልያ የከፈለው ለዚህ ነው» አለች። እሳቸው «ብኩርናውን አስቀድሞ ማን ሸጠ?» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡበት ሰንብተው አዲስ ማስረጃ ይዘው መጡ። ክረምት ላይ ጉልበታቸውን ታመው ሲቀሩ ማን ቀድሞ የደወለ ይመስላችኋል? «አባባ፣ መልስዎ አላረካኝም፣ መቼ ነው የሚመጡት?» አለቻቸው። «አንቺ ልጅ አትለቂኝም» አሉ። ጥናቱን እሳቸው ቤት አደረግነው። ራሳቸውን ሲነቀንቁ የኖሩ ሰዎች እንዲህ ሲፈላለጉ አላየሁም።

ስለዚህ ቡድን ለምትጀምሩ ጥቂት ነገር ልበል። ጽሑፉ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ይሁን። ሰው ወደ ስብከት ሲነጉድ «የት ተጽፏል?» በሉት። መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንብቡ፤ ሐቭሩታ የሚባለው እሱ ነው። በሰው ብዛት የሚያፍር ሁሉ እዚያ ይናገራል። ጥንታዊው ሊቅ ሂሌል ዓይን አፋር አይማርም፣ ቁጡም አያስተምርም ያለው እኮ ሁለታችንንም ነው፣ ተማሪውንም አስተማሪውንም። ሐሳብ ምቱ፣ ሰው አትንኩ። የሰው ያለፈ ሕይወት፣ ትዳርና ዘር ከጠረጴዛው ይራቅ። ረጅም የሚያወራውን አቋርጡት፣ ረቢም ቢሆን። ቡና ከጥናቱ በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ ከመጣ ጥናቱ ቀረ ማለት ነው። በሰዓቱ ጨርሱ፤ መቆየት የፈለገ ይቆያል።

«እምነቴ ሲጠነክር እመጣለሁ።» በየሳምንቱ ከማያምን ሰው ጋር አጠናለሁ፤ ከብዙዎቻችን በላይ የሚዘጋጀው እሱ ነው።

«ስልኬ ላይ ትምህርት እሰማለሁ፣ ይበቃኛል።» ስማ፣ ጥሩ ነው። ግን ስልክህ የተሳሳትከውን አይነግርህም፤ ስትቀርም አይፈልግህም።

«አሥር ሰው አልሞላም።» አሥር የሚያስፈልገው ለማኅበር ጸሎትና ኦሪትን በጉባኤ ለማንበብ ነው። ለጥናት ማንም አሥር አላለም። «የአባቶች ምዕራፍ» የተባለው የጥንት ሊቃውንት አባባሎች መጽሐፍ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የኦሪት ቃል በመካከላቸው ካለ ሸኪና፣ የእግዚአብሔር መገኘት፣ አብራቸው ናት ይላል። ጎረቤትህን አንኳኳ፣ ቀንና ሰዓት ቁረጡ፣ የዚህን ሳምንት ፓራሻ ክፈቱ። ካልመጣ ደውልለት።