ያለ «ሜይል» ፈንክሽን ከድረ ገጽ ኢሜይል መላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ብዙ ድረ ገጾች የምዝገባ ማረጋገጫም ሆነ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ የሚልኩት ከቋንቋው ጋር አብሮ በሚመጣው «ሜይል» በተባለው ፈንክሽን ነው። እሱን ትቶ የኢሜይል መላኪያ ደንብ በሆነው በኤስኤምቲፒ መላክ ይሻላል የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም፣ አብረውት የሚነገሩ በርካታ ነገሮች ግን መታረም አለባቸው።

«ፈንክሽኑ ‹ትሩ› (እውነት) ብሎ ከመለሰ መልእክቱ ደርሷል።»
ምላሹ የሚገልጸው በዚያው ሰርቨር ላይ ያለው የኢሜይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም መልእክቱን መረከቡን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረፋ ላይ ቢቀር ወይም ቢጣል ኮዱ አያውቅም። በኤስኤምቲፒ ግን ስክሪፕቱ ራሱ ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር ስለሚነጋገር፣ የይለፍ ቃሉ ወይም የላኪው አድራሻ ተቀባይነት ሲያጣ የስህተቱን ቁጥርና ምክንያት ወዲያውኑ ያገኛል።

«ፒኤችፒሜይለርን መጫን በቂ ነው።»
ከሁሉም ይልቅ ሰውን የሚያደክመው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ፒኤችፒሜይለር ኢሜይል ለመላክ የሚያገለግል ዝግጁ የኮድ ስብስብ (ላይብረሪ) ነው፤ በኤስኤምቲፒ እንዲልክ በግልጽ ካልታዘዘ በስተቀር የሚጠቀመው ያንኑ «ሜይል» ፈንክሽን ስለሆነ፣ ፈንክሽኑን የተወ የመሰለው ሰው ሳያውቀው እሱኑ መልሶ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በላይብረሪው ላይ ይፋ የሆነው፣ አጥቂ በሰርቨሩ ላይ የራሱን ትእዛዝ እንዲያስፈጽም የሚያስችለው ከባድ የደኅንነት ክፍተትም የነበረው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በአማርኛ የምንጽፍ ደግሞ ሌላም ልናስተካክለው የሚገባ ነገር አለ፤ የላይብረሪው መነሻ የፊደል ኮድ ለግእዝ ፊደል ቦታ የሌለው አይኤስኦ-8859-1 በመሆኑ፣ የግእዝን ፊደል ወደሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ካልተቀየረ ጽሑፉ ለተቀባዩ የማይነበብ ሆኖ ይደርሳል።

«በላኪ ቦታ ላይ ፎርሙን የሞላው ሰው አድራሻ ይግባ።»
የእርስዎ ሰርቨር በዚያ ሰው ዶሜይን ስም ለመላክ ፈቃድ የለውም። በላኪ ቦታ የራስዎን ዶሜይን አድራሻ፣ በምላሽ መቀበያው ቦታ ደግሞ የጎብኚውን አድራሻ ያስገቡ።

«በኤስኤምቲፒ የተላከ ስፓም ውስጥ አይገባም።»
ተቀባዩ አገልግሎት የሚመለከተው መልእክቱን የጻፈውን ኮድ ሳይሆን የላኪውን ማንነት ነው። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ዲኪም መልእክቱን በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ ዲማርክ ደግሞ ሁለቱም ሲወድቁ ምን እንደሚደረግ ይደነግጋል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ መልእክት በብዛት ከሚልኩ ሦስቱንም ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ሦስቱ የሚመዘገቡበት የዶሜይኑ የዲኤንኤስ መዝገብ ካልተስተካከለ ኮድ መቀየር ብቻውን ችግሩን አይፈታውም።

«የጂሜይሌን የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ ብጽፈው ይሠራል።»
አይሠራም። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርተው ለፕሮግራሙ የተለየ ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል ማውጣት ይኖርብዎታል፤ እሱም ቢሆን ከኮዱ ውጭ፣ ጎብኚ በማይደርስበት ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

«ፖርቱ 25 ነው።»
ፖርት ቁጥር 25፣ ሰርቨሮች እርስ በርስ መልእክት የሚቀባበሉበት በር ሲሆን፣ ብዙ የክላውድ አቅራቢዎችም ይዘጉታል። ስክሪፕት የሚጠቀመው 587ን ወይም 465ን ነው፤ እነዚህም ከተዘጉ በኤችቲቲፒኤስ በኩል የሚሠራ የኢሜይል አገልግሎት ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ) መጠቀም ይቻላል።