የመኪና «የልደት ሰርተፍኬት» ምንድን ነው?

አሮጌ ቮልስ ፊታችሁ ካለ የኋላ ወንበሩን አንሱት። መሃል ለመሃል ከፍ ብሎ በሚያልፈው የወለሉ ላሜራ ላይ የተመታ ቁጥር ታገኛላችሁ። ሻንሲ ቁጥሩ እሱ ነው። 117 ብሎ የሚጀምር ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ከሆነ 11ዱ የመኪናውን ዓይነት ይናገራል፤ 7ቱ ደግሞ የ1967 ሞዴል ነው ማለት ነው። (ሰነዱ ላይ «የተሠራው 1966» የሚል ብታዩ አትደንግጡ። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ኦገስት ላይ ስለነበር፣ በ1966 መጨረሻ የወጣው መኪና የ1967 ሞዴል ነው የሚባለው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቁጥሩ የሚያወራው እስከዚህ ነው። ቀለሙ ምን ነበር? ወንበሩስ በምን ተለብጦ ነበር? ጣሪያው ይከፈት ነበር? ወደ የትኛው አገር ተላከ? ይህን የሚያውቀው መኪናው ሲወጣ ፋብሪካው የያዘው መዝገብ ነው። ከዚያ መዝገብ ተገልብጦ የሚሰጠውን ማስረጃ ነው ሰዎች «የልደት ሰርተፍኬት» የሚሉት።

ለቮልስ ከሆነ ጀርመን ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም ይሰጣል። ለኤም ጂ፣ ለትራያምፍ፣ ለሚኒና ለመሳሰሉት እንግሊዝ ጌይደን ወደሚገኘው ብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ይኬዳል። ሻንሲ ቁጥሩን ትልካላችሁ፣ ከፍላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ወረቀቱ ይመጣል። የሁሉም ፋብሪካ መዝገብ ግን አልተረፈም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? መልሱን በትልቅ ሞተሩ በሚታወቀው የአሜሪካ መኪና፣ በፖንቲያክ ጂቲኦ ላይ እንየው። በ1964 እና በ1965 ጂቲኦ ራሱን የቻለ ሞዴል አልነበረም። ለማንስ የሚባለው መኪና ላይ ተጨምሮ የሚታዘዝ ጥቅል ነበር። ስለዚህ ሻንሲ ቁጥሩ ከተራው ለማንስ አይለይም። በ242 የሚጀምር የራሱን ቁጥር ያገኘው ከ1966 ጀምሮ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ የ1965 ለማንስ ገዝቶ፣ ትልቅ ሞተር ጭኖ፣ የጂቲኦ ምልክት ለጥፎ ቢመጣ ሻንሲ ቁጥሩ አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው ፋብሪካው ያኔ ያወጣው ደረሰኝ ነው። ደግነቱ፣ የፖንቲያክ ሰነዶች ተርፈዋል፤ ቅጂውን ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት ያወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ነው። ሰርተፍኬቱ የሚናገረው ስለ ቁጥሩ እንጂ ግቢያችሁ ስለቆመው መኪና አይደለም። የተሰባበረ መኪና ሻንሲ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ተነቅሎ ሌላው ላይ ከተለጠፈ ወረቀቱ እውነት፣ መኪናው ፎርጅድ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ከብረቱ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሞተር ቁጥሩ። መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥሎ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ከቀለጠ ብረት የተሠራበት ቀን። በብዙ የቼቭሮሌት ብሎኮች ላይ «ሲ 14 9» ዓይነት ጽሑፍ ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያው ፊደል ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ብሎክ ማርች 14 ቀን፣ በ9 በሚያልቅ ዓመት ተሠርቷል። 1959 ይሁን 1969 የሚለየው አጠገቡ ባለው የብሎኩ ቁጥር ነው። መኪናው የተገጣጠመው ፌብሩዋሪ 1969 ከሆነና ብሎኩ ማርች 1969 ካለስ? ሞተሩ ከመኪናው በኋላ ተወለደ ማለት ነው። ሻጩ የፈለገውን ይማል፤ የመኪናው ሞተር አይደለም።

ቁጥሩ የተመታበትን ገጽም በባትሪ እዩት። በእነዚሁ የቼቭሮሌት ሞተሮች ላይ ፋብሪካው ገጹን ሲያስተካክል ጸጉር የመሰሉ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይተዋል። ቁጥሩ የሚመታው በእነሱ ላይ ነው። መስመሮቹ ጠፍተው ገጹ ልስልስ ካለ፣ ወይም የሞረድ ጭረት ከታየ፣ የድሮው ቁጥር ተፍቆ አዲስ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ ሞተር ሲታደስ ቶርኖ ቤት ያለ ምንም ተንኮል ሊጠፋም ይችላልና ወዲያው ሌባ አትበሉ።

ቀለሙን ደግሞ ሰው ሊቀባ ባልደከመባቸው ቦታዎች ፈልጉት፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከበር ጎሚኒ ስር፣ ከምንጣፍ በታች። ወረቀቱ ጥቁር ብሎ እዚያ ሁሉ ቦታ ሰማያዊ ብቻ ካገኛችሁ አንድ ያልተነገራችሁ ነገር አለ። በእኔ እምነት፣ ይህን ሁሉ ካጣራችሁ በኋላ ቀይ መቀባት ከፈለጋችሁ ቀቡት፤ መኪናው የእናንተ ነው። ግን ሳታጣሩ ብረቱን በአሸዋ ካስነፋችሁት ከስሩ የነበረውን ቀለም መልሳችሁ አታገኙትም። እያንዳንዱን ነገር ከመፈታቱ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ቆሻሻውም ሳይጠረግ።

በተለይ የድሮ የአሜሪካ መኪና ከሆነ ነዳጅ ታንከሩን ስታወርዱ ቀስ በሉ። የመገጣጠሚያ ሠራተኞቹ መኪናው ምን ምን እንደሚገጠምለት የሚያነቡበት ወረቀት አንዳንዴ ታንከሩ ላይ ወይም ወንበሩ ሞላ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ዝጎና ቅባት ጠጥቶ፣ ግማሹን አይጥ በልቶት ሊሆን ይችላል። የቆሸሸ ወረቀት መስሏችሁ ከቆሻሻው ጋር እንዳትጥሉት።