የውሃ አሻንጉሊት ትርዒት ምንድን ነው?

ወንበራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ መድረኩን ብትፈልጉ መድረክ የለም። ከፊታችሁ ያለው ኩሬ ነው። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ድፍርስ ነው፣ ሥሩ አይታይም። ከኩሬው ማዶ ቀይ ጣሪያ ያለው፣ ቤተ መቅደስ የሚመስል ቤት ውሃው ውስጥ ቆሟል። በሩ ላይ የቀርከሃ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከበሮ ይመታል። ከመጋረጃው ሥር አንድ ቦርጫም የእንጨት ሰውዬ ብቅ ይላል። ጸጉሩን አናቱ ላይ ቋጥሯል፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ውሃውን እየሰነጠቀ ወደ እናንተ ይመጣል። የያዘው ሰው የለም፤ ያንጠለጠለው ክርም የለም።

ይሄ ነው የቬትናም የውሃ አሻንጉሊት ትርዒት። በአገሩ "ሙአ ዞይ ኑክ" ይሉታል። ሙአ ጭፈራ ነው፣ ዞይ አሻንጉሊት፣ ኑክ ደግሞ ውሃ። ኑክ የምትለዋ ቃል ግን ሌላም ትርጉም አላት፤ አገር ማለትም ናት። ቬትናሞች "አገሬ" እና "ውሃ" የሚሉት በአንድ ቃል ነው። ይህን ካወቃችሁ ኩሬው ለምን እንዳስፈለገ ግማሹ ገብቷችኋል።

ሌላው ግማሽ ገበሬው ጋ ነው ያለው። ጨዋታው የተወለደው በሰሜን ቬትናም፣ ቀይ ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት በሚዘረጋበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። የሩዝ አገር ነው። ሩዝ ውሃ በተኛበት ማሳ ስለሚተከል ገበሬው ዕድሜውን ጭቃና ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። ሲዝናናም እዚያው ተዝናና። የመንደሩ ኩሬ መድረክ ሆነ፣ ዳሩ የተመልካች መቀመጫ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1121 የቆመ አንድ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ፣ ለንጉሥ ሊ ንያን ቶንግ ውሃ ላይ ስለቀረበ የወርቅ ኤሊ ትርዒት ይናገራል። ስለዚህ ጨዋታው ቢያንስ 900 ዓመት አስቆጥሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ምስጢሩ። ተጫዋቾቹ ከቀርከሃው መጋረጃ ጀርባ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። እያንዳንዱ አሻንጉሊት ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ ተተክሏል፤ ዘንጉ ሦስትና አራት ሜትር ይደርሳል። የሚሄደው በውሃው ሥር ነው። ድፍርሱ ውሃ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ "ምነው ንጹህ ውሃ ቢሞሉበት" ብላችሁ አትማረሩ። በዘንጉ ላይ የተዘረጉ ክሮች ሲሳቡ እጅ ይነሳል፣ አንገት ይዞራል። አሻንጉሊቱን የሚያዞር እንደ ጀልባ መሪ ያለ ነገርም አለው። እንጨቱ ቀላል ነው፤ ከእኛ ሾላ ጋር ዘመድ ከሆነ ዛፍ ይቀረጻል። ከዛፍ ሙጫ በሚሠራ ቀለም ደጋግመው ስለሚቀቡት ውሃ አያስገባም። እንደዚያም ሆኖ አንዳንዱ ብዙ ኪሎ ይመዝናል። በሦስት ሜትር ዘንግ ጫፍ ያን አየር ላይ ማን ይሸከመዋል? ውሃው ነው የሚሸከመው። ትልልቆቹን ለማንቀሳቀስ ግን ከአንድ ሰው በላይ ይፈልጋል።

ድሮ ይህ ጥበብ ከመንደር አይወጣም ነበር። አባት ለወንድ ልጁ ያስተምራል፤ ለሴት ልጅ አይነገርም። ሌላ መንደር አግብታ ምስጢሩን ይዛው ትሄዳለች ተብሎ ነው። አሁን ከተማ ባሉት ቲያትር ቤቶች ሴቶችም ይጫወታሉ። ብርዱን ለመቋቋም ድሮ የዓሣ ሶስ ይጠጡ ነበር ይባላል። ዛሬ እስከ ደረት የሚደርስ የላስቲክ ልብስ አለ፣ ተመስገን ነው።

ያ መጀመሪያ ብቅ ያለው ቦርጫም ቹ ቴው ይባላል። "ቹ" አጎት ማለት ነው፣ የአባት ታናሽ ወንድም። ሰላም ይላችኋል፣ ይቀልዳል፣ ጨዋታውን ይከፍታል። ቀልዱ በቬትናምኛ ስለሆነ ያመልጣችኋል፤ ግን አያስጨንቅም። ከእሱ በኋላ የሚመጡት ደርዘን የሚሆኑ አጫጭር ትዕይንቶች ቋንቋ አይፈልጉም።

ዘንዶዎቹ እሳትና ውሃ እየተፉ ሲመጡ አዳራሹ በሙሉ ስልኩን ያወጣል። ያምራል፣ አልክድም። ለእኔ ግን ትርዒቱ ያለው ዳክዬ የሚጠብቁት ባልና ሚስት ጋ ነው። ዳክዬዎቹ ተሰልፈው ይዋኛሉ። ቀበሮ ያደባል። አንዷን ላፍ አድርጎ ዛፍ ላይ ሽቅብ ይወጣል! ባልና ሚስቱ ዱላ ይዘው ሥሩ ይራወጣሉ። ዓሣ የሚያጠምዱትም አሉ፤ አንዱ ታቹ ክፍት የሆነ ቅርጫቱን ዓሣው ላይ እደፋለሁ ብሎ የጓደኛው ራስ ላይ ይደፋዋል። ሕፃን ይስቃል፣ ሽማግሌ ይስቃል።

አንድ ታሪክ ግን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ለ ሎይ የሚባል ሰው የቻይናን ሚንግ ጦር አስወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1428 ነገሠ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ያሸነፈው ከውሃ በተሰጠው ሰይፍ ነው። በኋላ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲንሸራሸር አንድ ኤሊ ብቅ ብሎ ሰይፉን መልስ አለው፣ መለሰ። ሐይቁ ሃኖይ መሃል ነው ያለው፤ ሆዋን ኪየም ይባላል፣ "የተመለሰው ሰይፍ" እንደማለት። ይህን ታሪክ በአሻንጉሊት የሚያሳየው ታንግ ሎንግ ቲያትር ቤት ደግሞ ከዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። ከትርዒቱ በፊት ሐይቁን አንድ ጊዜ ዙሩት።

ሙዚቃው በቀጥታ የሚቀርብ ነው። ከበሮ፣ ዋሽንት፣ ዘፋኞች ከኩሬው ጎን ተቀምጠዋል። ከመሣሪያዎቹ ዳን ባው የምትባለውን ፈልጓት። እንደ ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያላት፤ ግን በደጋን አትመታም። በአንድ እጅ ክሩን ይነካሉ፣ በሌላው ጫፏ ላይ የቆመችውን ቀጭን ዘንግ ያጎነብሷታል፤ ድምፁ ይለመጣል፣ የሚያለቅስ ሰው ይመስላል።

ታንግ ሎንግ በቀን ደጋግሞ ያሳያል፤ አንዱ ትርዒት 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ቲኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ጠዋት ቁረጡ። የፊተኛው ወንበር ላይ ውሃ ይረጫል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ስትሉ ደግሞ ኩሬው በሙሉ ይታያችኋል። ጊዜ ካላችሁ ግን ከሃኖይ ወጣ ብላችሁ እንደ ዳው ቱክ ያሉ መንደሮች ሂዱ፤ እዚያ ዛሬም የመንደሩ ሰው ነው የሚጫወተው፣ ኩሬውም ሰማይ ሥር ነው።

ጭብጨባው ሲጀምር ተነስታችሁ አትውጡ። የቀርከሃው መጋረጃ ይገለጣል። እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ያሉ ሰዎች እየቀዘፉ ይወጡና ተሰልፈው እጅ ይነሳሉ። ያን ሁሉ ዳክዬ፣ ዘንዶ፣ ንጉሥና ኤሊ ያንቀሳቀሱት እነዚህ ጥቂት ሰዎች ናቸው።