የሕሊና ቁስል ምንድን ነው? ዕረፍት ስለማያሽረው የሕፃናት ተንከባካቢዎች ሕመም

አንዲት የሕፃናት ማቆያ ሠራተኛ ሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ ሲያለቅሱባት አንዱን ታነሳለች፤ ሌላው ይጠብቃል። ይህ በየቤቱ የሚያጋጥም ነው፤ ማንንም አያቆስልም። የሚጠብቀው ልጅ በየቀኑ የሚጠብቅ ከሆነ ግን፣ እሷም መታቀፍ እንደሚያስፈልገው እያወቀች፣ አሠሪዋ ሰው ስላልጨመረ ብቻ እያለቀሰ ትታው የምትውል ከሆነ፣ ማታ ይዛው የምትገባው ነገር ከድካም የተለየ ነው። ባለሙያዎች የሕሊና ቁስል ይሉታል፦ ሰው ልክ ነው ብሎ ከልቡ የሚያምንበትን ራሱ ሲጥስ፣ ሲጣስ እያየ ማስቆም ሲያቅተው፣ ወይም ሊጠብቁት በሚገቡ የበላዮቹ ሲካድ የሚደርስበት ጉዳት።

ሐሳቡ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ በቦስተን የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም፣ ያሳመማቸው የሞት ፍርሃት ብቻ ሳይሆን የአዛዦቻቸው ክህደት ጭምር መሆኑን አስተዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም ጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ ሰው ራሱ የፈጸመውንና ቆሞ ያየውንም በትርጉሙ ውስጥ አካተቱ። ከዚያ ወደ ሐኪሞች፣ ወደ ነርሶች፣ ወደ መምህራን ተሻገረ። ሕፃናት ተንከባካቢዎችን ያስታወሳቸው ሰው ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ልጅ መያዝ ሙያ ሳይሆን የሴት ተፈጥሮ ነው የሚለው አመለካከት ሳይጋርዳቸው አልቀረም።

እንግሊዝን እንውሰድ። የአገሪቱ የቅድመ ልጅነት ደንብ እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ተጠሪ ተንከባካቢ እንዲኖረው ያዛል፤ ከአንድ ሰው ጋር ተላምዶ እንዲረጋጋ። ይኸው ደንብ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ አንዲት ሠራተኛ የምትይዛቸው የሁለት ዓመት ልጆች ከአራት ወደ አምስት ከፍ እንዲሉ ፈቀደ። አንድ ልጅ ቢጨመር ምን አለበት የሚል ሒሳቡን ይሥራ፦ የአንድ ልጅ ዳይፐር በቀን አራት ጊዜ ቢቀየርና እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢወስድ፣ ለአምስቱ ልጆች በድምሩ አንድ መቶ ደቂቃ ይሄዳል። ማብላቱ፣ ማስተኛቱ፣ እርስ በርስ ሲናከሱ መገላገሉ ገና አልተቆጠረም። «ተላመጂው» የሚላትም «አንድ ጨምሪ» የሚላትም ያው ደንብ ነው።

ወላጅ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ደግሞ «እንዴት ዋለ?» ይላል። «ደህና ዋለ» ትላለች። ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው፤ ሰው ባልመረጠው ችግር ላይ የራሱን ውሸት ይጨምርበታልና።

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚህ ሥራ ይተዳደራሉ። በዲሲ ሕግ የማቆያ ሠራተኛ ልጅ እየተጎዳ ወይም ችላ እየተባለ መሆኑን ከጠረጠረች ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ታሳውቃለች። ምርመራው ምስጢር ስለሆነ ምን እንደተወሰነ ላትሰማ ትችላለች፤ ልጁ ግን በማግሥቱ ከዚያው ቤት ይመጣል። የሠራችው ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ግን አያስተኛትም።

የደከመ ሰው የዓመት ዕረፍት ወስዶ ይመለሳል። ይህኛው ሕመም ከዕረፍት በኋላ እዚያው ክፍል፣ እዚያው የልጆች ቁጥር ላይ ይጠብቃል። መጀመሪያ «ያደረግሁት ልክ አልነበረም» የሚል ጸጸት ነው፤ ሲከርም «እኔ ራሴ ክፉ ነኝ» ወደሚል ኀፍረት ይለወጣል። ላለመጎዳት ስትል ልቧን ከልጆቹ ታርቃለች፤ ዘፈኑን ትዘፍናለች፣ ዓይኗ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። አለቃዋ ይህን አይታ «ቀዝቅዛለች» ብላ የትዕግሥትና የአተነፋፈስ ሥልጠና ትልካታለች። ሥልጠናው ክፉ አይደለም፤ ግን ሕፃን አያቅፍም። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከበረታ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ያም ቢሆን የክፍሉን ቁጥር አይቀንስም።

የሚረዳው ቀላልና ወጪ ያለው ነገር ነው። ዳይፐር በሚቀየርበትና ምግብ በሚቀርብበት ሰዓት ከክፍል ክፍል የምትዘዋወር አንዲት ተጨማሪ ሠራተኛ። ሠራተኞች «ዛሬ ይህን ልጅ በድለነዋል» ብለው ሳይወቀሱ የሚናገሩበት ስብሰባ፣ አለቃዋም «ጥፋቱ የአንቺ ሳይሆን የአደረጃጀቱ ነው» ብላ በግልጽ የምትናገርበት። ለወላጅም «ዛሬ ሰው አንሶን ነበር፤ ልጅዎ ብዙ አልቅሷል» የማለት ፈቃድ፤ የሚከፍለው ወላጅ ይህን ሲሰማ ማኔጅመንቱን መጠየቅ ይጀምራል።