ውጤት ለማስጠበቅ የሚገባ ተቀያሪ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ በየዲኤስቲቪ ቤቱ በእግር ኳስ ተቀያሪ ላይ አንድ አባባል ተለምዷል፦ «እሱ ገባ፣ ጎሉም ገባ።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝም ይህንኑ ደገመው። «ውጤት አስጠብቅ ተብሎ ገባ፤ ውጤቱን ይዞት ጠፋ» አለ። እኔ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነኝ። የምሠራው ከተጠባባቂዎች ጋር ስለሆነ ይህን ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ።

አምስት ሰው መቀየር እንደሚቻል ኳስ የሚያይ ሁሉ ያውቃል። ብዙዎች የሚስቱት ተቀያሪው የሚረከበውን ነገር ነው። «1 ለ 0 እየመሩ ነው የሰጡት» ይባላል። ልጁ ግን የሚረከበው ሰሌዳውን ብቻ አይደለም። ወደ ራሱ ሳጥን ያፈገፈገ ቡድን ይረከባል። ቢጫ ያየና ለመግባት የሚፈራ ተከላካይ ይረከባል። እግሩ የዛለ አማካይ ይረከባል። ቡድኑ ኳስ ከተነጠቀ ሩብ ሰዓት ሆኖት ሊሆን ይችላል። አሰልጣኙ የቀየረውም ይህን አይቶ ነው። ነገሩ ሰላም ቢሆን ኖሮ ማን ይቀይራል?

ጎጃም ውስጥ እርሻ ላይ ያደገ ሰው ይህ አይከብደውም። ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲዝል ይፈታና ሌላ ይጠመዳል። አዲሱ ጉልበት አለው፤ የቀንበር ጓደኛው ግን ከጧት ጀምሮ ሲጎትት የዋለ ነው። አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲጎተት ቀንበሩ ያጋድላል፣ ትልሙም ይጣመማል። የቀረው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ድንጋይና ሥር የበዛበት ጥግ ነው። ማረሻው እዚያ ቢሰበር ገበሬው መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው። ቀጥሎ ሲጎትት የዋለውን በሬ ያያል። አዲሱን በሬ የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ መሬት አድብቶ አይጠብቅም፤ ተጋጣሚ ግን ይጠብቃል። ቀንበሩ በየት በኩል እንዳጋደለ አይቶ ኳሱን በዚያው በኩል ይልካል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተደረገውን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አስታውሱ። ባየር ሙኒክ ከ6ኛው ደቂቃ ጀምሮ ማንችስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 ይመራ ነበር። በ80ኛው ደቂቃ ከባየር የ38 ዓመቱ ሎታር ማቴውስ ወጣና ቶርስተን ፊንክ ገባ። በጭማሪ ሰዓት የዩናይትዱ ቤካም የማዕዘን ምት አሻማ። ኳሱ ፊንክ እግር ሥር ደረሰ። ፊንክ ሊያርቀው መታው፣ ግን በደንብ አላገኘውም። ጊግስ መልሶ ወደ ጎል ሞከረ፤ ሸሪንግሃም አቅጣጫውን ቀይሮ አስቆጠረ። ወዲያው ሶልሻየር ሁለተኛውን ጨመረ።

የፊንክ ምት ደካማ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ከዚያ በፊት ባየር አንድ ጊዜ ምሰሶውን፣ አንድ ጊዜ አግዳሚውን መትቷል። አንዱ ቢገባ ፊንክን ዛሬ ማን ያነሳው ነበር?

«ጀግና ሆኖ የሚወጣ ተቀያሪም አለ እኮ» የሚል ይኖራል። አዎ። እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ዓለም ዋንጫ ሆላንድ ለመለያ ምት ብላ በረኛዋን ቀየረች። ቲም ክሩል ገብቶ ከኮስታ ሪካ ሁለት ምት አዳነ። ግን መለያ ምት ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ክሩል የተረከበው ያፈገፈገ መስመር፣ የዛለ አማካይ አልነበረም። ሁለቱን አንድ ላይ መመዘን ስህተት ነው።

አሜሪካኖች በቤዝቦል ይህን በሒሳብ ለይተውታል። ኳስ ወርዋሪው ሲቀየር፣ ነጥብ ለማስቆጠር እየዞሩ ቤዝ በሚባሉት ማረፊያዎች ላይ የቆሙት የተጋጣሚ ሯጮች የቀድሞው ዕዳ ናቸው። ተተኪው ከገባ በኋላ እነሱ ቢያስቆጥሩ ነጥቡ የሚጻፈው በወጣው ላይ ነው። በዚያ ነጥብ መሪነቱ ከጠፋ ግን ውጤቱን አላስጠበቀም ተብሎ በተተኪው ስም ይመዘገባል። ስለዚህ እዚያም ደጋፊ በተተኪው ይበሳጫል። ቢሆንም ሁለቱ ለየብቻ ይጻፋሉ። እኛ ጋ ያለው አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም ጎሉ ሲገባ ሜዳ ላይ ማን ነበር የሚል ነው።

ከእኔ ሙያ አንድ ነገር ልጨምር። ያሟሟቀ ሰው ሩብ ሰዓት ቁጭ ካለ የጡንቻው ሙቀት መውረድ ይጀምራል። ከገባም በኋላ ትንፋሹና ልቡ ከጨዋታው ፍጥነት ጋር እስኪገናኙ ጊዜ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አይቶ «ይሄ አይችልም» ማለት ለዚህ ነው ፍርደ ገምድልነት የሚሆነው። በደንብ ከሞቀ በኋላ የሚይዘውን ሰው ጥሎ ከሄደ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ያኔ ውቀሱት።

በወረዳና በትምህርት ቤት ውድድር ደግሞ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ደመና ሲሆን ወንበር ላይ ያለ ልጅ ይበርደዋል። አሰልጣኙ ድንገት ዞር ብሎ «ግባ!» ይለዋል። ልጁ ሹራቡን አውልቆ፣ የጫማውን ክር በጥድፊያ አስሮ ይሮጣል። የመጀመሪያዋ ኳስ ታመልጠዋለች፤ ጩኸቱም ይጀምራል። አሰልጣኞች፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አስነሱት። ተጋጣሚ የማዕዘን ምት ሲመታ ማንን እንደሚይዝም ገና ሳይገባ ንገሩት።