“እኔማ ምንም አልደረሰብኝም”፦ ስለ ገጠመኝ ድርሰት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ድርሰት በድርሰት ይሆናል። እዚህ ባሕር ዳር ለስኮላርሺፕ የሚያመለክቱ የዘመድና የጎረቤት ልጆች “እስቲ እየው” እያሉ ይልኩልኛል። ጥያቄው ያው ነው፦ በሕይወትህ ትርጉም ያለው አንድ ገጠመኝ ተርክ። የሚሳሳቱትም እዚያው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

“ትልቅ ነገር ካልደረሰብኝ ምን እጽፋለሁ?”

አምና አንድ ልጅ የላከልኝ ድርሰት እንዲህ ይጀምር ነበር፦ “ጣና በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል።” ልክ ነው። ግን ልጁ የት አለ? ሐይቁ ዳር ሻይ ይዘን ቁጭ አልንና “አንተስ?” አልኩት።

“እኔማ ምንም አልደረሰብኝም፣ ጋሼ።”

አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ስለ ታንኳቸው ጠየቅኩት። ከደንገል ቄጠማ የሚሠራ ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከሐይቁ ሲወጣ ተገትሮ ካልተንጠፈጠፈ ይከብዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። አባትየው ምንም ቢደክማቸው ታንኳቸውን ዛፍ ላይ ሳያስደግፉ ቤት ገብተው አያውቁም። “አንድ ቀን ማታ ግን…” አለና ዝም አለ። የዚያን ቀን ማታ ታንኳው ዳር ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ልጁ የአባቱን መታመም ያወቀው ማንም ሳይነግረው፣ ያንን አይቶ ነው።

ይኸውላችሁ ድርሰቱ! አደጋ የለው፣ ሽልማት የለው። አንድ የተጋደመ ታንኳ ብቻ።

“ከልደት ይጀመራል”

“እኔ የተወለድኩት በ…” ተዉት። እሱ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት የኮመን አፕ (የጋራ ማመልከቻ) ድርሰት ጣሪያው 650 ቃል ነው። 17 ዓመት እዚያ ውስጥ አይገባም። አንድ ምሽት ይገባል።

“ቃሉ ከከበደ ድርሰቱ ያምራል”

ይህኛው እኛ ዘንድ ሥር አለው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ረቀቅ ያለ አነጋገር እንወዳለን፣ እኔም ጭምር። ግን ሰምና ወርቅ ያለ ሰም አይሆንም። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ወርቁ የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ፣ ባዶው ዛፍ፣ አባት ራቱን ሳይነካ ወደ መደብ መሄዱ፣ እነዚህ ሰም ናቸው። “ልቤ በጥልቅ ሐዘን ተሰበረ” ብሎ መጀመር ወርቁን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ለጓደኛ በአማርኛ አውሩት፤ ስልክ ላይ ቅዱት። ስታወሩ ጓደኛችሁ “እሺ፣ ከዚያስ?” ያለበትን ቦታ ልብ በሉ።

“ትንሽ ቢጨመርበት ማን ያውቃል?”

አንባቢው ያውቃል። አንዷ የ2010 ዓ.ም. ትዝታዋን ስትጽፍ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻገረች። ድልድዩ የተመረቀው ግንቦት 2016 ነው። የሷ የየዋህ ስህተት ነው፤ ተስቆ ይታረማል። በድርሰቱ አያቱን የገደለም አጋጥሞኛል። ሴትዮዋ እኮ ጠዋት ቡና አፍልተው አጠጥተውኛል!

በተቃራኒው፣ የተባለውን ቃል በቃል ካላስታወስኩ ዋሸሁ ብለው የሚጨነቁ አሉ። አትጨነቁ። የነገሩን መንፈስ ከያዛችሁ ይበቃል። ካልጠራላችሁም “እንደማስታውሰው” ብላችሁ እለፉ።

“መጨረሻው ምክር መሆን አለበት”

ይህንን ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣን ነው። “ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር…” ይባልና አንድ ተረት ይከተላል። እርግጥ ነው፣ አንባቢው ገጠመኙ እናንተ ላይ ምን እንደለወጠ ማወቅ ይፈልጋል። ያ ከሌለ ድርሰቱ ወሬ ብቻ ይሆናል። ግን ስብከት አያስፈልገውም፤ መጨረሻ ላይም መከመር የለበትም። የታንኳው ልጅ መሐል ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል አደረገ፦ “እስከዚያ ቀን ድረስ ታንኳው የአባቴ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።”

መጨረሻው ላይ ስለ ጽናት አራት መስመር ነበረው። እንሰርዘው ስለው “ባዶ አይሆንም?” ብሎ ተከራከረኝ። ሁለት ቀን አሰበበትና ራሱ ሰረዘው።

አሁን ድርሰቱ የሚያልቀው በማግስቱ ጠዋት ነው። ታንኳውን ብቻውን ሊያቆም ይታገላል፤ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። የጎረቤት ልጅ ይጠራል። ሁለቱ ተጋግዘው ዛፉ ላይ ያስደግፉታል። ውሃው እግራቸው ላይ ይንጠባጠባል።